የሐይቅ እንጨት በባሕር ውሃ ውስጥ፦ የአንድ ቁራጭ ሞፓኒ የዘጠኝ ወር ግምገማ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ዕቃ በአኳሪየም መደብሮች «ሞፓኒ» ተብሎ የሚሸጥ፣ ከደቡባዊ አፍሪካ የሚመጣ፣ ከባድና ባለ ሁለት ቀለም የእንጨት ቁራጭ ነው። የገዛሁት በሰሜን ቨርጂኒያ ከሚገኝ አንድ የአኳሪየም መደብር በ34 ዶላር ሲሆን፣ ያኖርኩት ግን አብዛኛው ገዢ እንደሚያደርገው ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ሳይሆን 20 ጋሎን፣ ማለትም 76 ሊትር ያህል በሚይዝ አነስተኛ የባሕር ውሃ አኳሪየም ውስጥ ነው። አሸዋውና ድንጋዩ የያዙት ቦታ ሲቀነስ የሚቀረው ውሃ ከ60 ሊትር ብዙም አይበልጥም። በውስጡ ሁለት ክላውን ዓሦች፣ አንድ ፋየርፊሽ የሚባል ትንሽ ዓሣ፣ ዓሦችን የሚያጸዳ ባለ ቀይና ነጭ ሽሪምፕ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችና አምስት ትንንሽ ኮራሎች፣ ማለትም እንደ ተክል በአንድ ቦታ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት፣ አሉ። እንጨቱ ከመስከረም እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ ከእነርሱ ጋር ኖሯል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። እንጨቱ በራሱ መልካም ዕቃ ነው፤ በትንሽ አኳሪየም ውስጥ ኮራል ለሚያኖር ሰው ግን አልመክረውም። የማልመክረው ግን ዘወትር በሚነሣው ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ነገር የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የነገሩኝ እንጨት የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም አሲድነቱ ሲጨምር ዝቅ የሚለውን መለኪያ፣ አውርዶ ዓሦቹን ይገድላል የሚል ነበር። እኔ ያየሁት ችግር ግን ከብርሃን፣ ከኦክስጅንና ከመበስበስ የመጣ ነው፤ ፒኤቹማ ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት እችላለሁ።

እንጨቱን ለምን ፈለግሁት ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። ያደግሁት ሀዋሳ ነው። አሞራ ገደል አካባቢ ትልልቆቹ ዛፎች ሥራቸውን ወደ ሐይቁ ዘርግተው፣ አባ ኮዳዎቹ ከበላያቸው ቆመው፣ ከሥሩ ደግሞ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች በጥላው ውስጥ ሲሹለከለኩ እያየሁ ነው ልጅነቴ ያለፈው። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም ለስድስት ዓመት ያህል ያኖርኩት ጨው የሌለው ውሃ አኳሪየም ሲሆን፣ መልኩም ይኸው ነበር፤ ሥር የሚመስል እንጨት፣ ጥላ፣ በእንጨቱ ላይ የተጣበቀ ቅጠል። ወደ ባሕር ውሃ ስሸጋገር ድንጋይ ብቻ የተከመረበት መስታወት ለዓይኔ ባዶ ሆነብኝ። ስለዚህ የለመድሁትን መልክ ወደ አዲሱ ውሃ ላምጣ አልኩ።

አሁን ወደ ዕቃው ልመለስ። ሞፓኒ ክብደቱ አስተማማኝ ነው። የባሕር ውሃ ጨው ከሌለው ውሃ በ2.5 ከመቶ ያህል ስለሚከብድ፣ በሐይቅ ውሃ ውስጥ በጭንቅ የሚሰምጥ እንጨት በባሕር ውሃ ውስጥ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ብዙዎቹ ቀላል የሥር እንጨቶች በድንጋይ ካልታሰሩ አይቀመጡም። ሞፓኒ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያለ ማሰሪያ ተቀመጠ። አንዱ ወገኑ በአሸዋ ርጭት የተጠረገ ለስላሳና ብስኩት የሚመስል ቀለም ያለው ሲሆን፣ ሌላው ወገኑ ጥቁር ቡናማና ሸካራ ነው። ቅርጹም ያምራል፤ ከአንድ ግንድ የተከፈሉ ሦስት ክንዶች ያሉትና ከሥሩ ዋሻ መሳይ ክፍተት ያለው ቁራጭ ደርሶኛል። ከእንጨቱ ጋር የታሰረችው ወረቀት «ለአኳሪየም የተፈቀደ» ከማለት በቀር ለየትኛው ውሃ እንደሆነ አትናገርም። መደብሩ ውስጥ ያስተናገደኝ ሰውም ልዩነት የለውም ብሎ ነው የሸጠልኝ። ይህ በዕቃው ላይ ያለኝ የመጀመሪያው ቅሬታ ነው፤ ልዩነት አለውና።

ከማስገባቴ በፊት እንጨቱን በትልቅ ድስት አራት ጊዜ ቀቀልሁት፤ ከዚያም ለአምስት ሳምንት በባልዲ ውሃ ውስጥ እያለቀለቅሁና በየሦስት ቀኑ ውሃውን እየለወጥሁ ዘፈዘፍሁት። የመጀመሪያው ቅቅል ውሃ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቆረ፤ አራተኛው እንደ ቀጭን ሻይ ሆነ፤ በአምስተኛው ሳምንት የባልዲው ውሃ አሁንም ቢጫ ነበር። ቀለሙ የሚመጣው ታኒን ከሚባለውና ሻይንም ጠይም ከሚያደርገው ዓይነት ንጥረ ነገር፣ እንዲሁም እንጨት በዝግታ ሲፈርስ ከሚወጡ ሌሎች አሲዶች ነው። ሞፓኒ በዚህ ረገድ ከሚሸጡት እንጨቶች ሁሉ እጅግ ቀለም ከሚያወጡት አንዱ መሆኑን ከቀድሞው አኳሪየሜ አውቀው ነበር። ጠይም ውሃ ለሚወዱ የአማዞን ዓሦች ይህ ጸጋ ነው። ለኮራል ግን አይደለም።

ብዙ ሰው በሚፈራው በፒኤች ልጀምር። ጨው የሌለውና ለስላሳ በሆነ ውሃ ውስጥ እንጨት ፒኤችን በግልጽ ያወርዳል፤ ምክንያቱም በዚያ ውሃ ውስጥ አሲድን የሚቋቋመው የካርቦኔት ክምችት፣ በእኛ ሙያ አልካላይኒቲ የምንለው፣ ትንሽ ነው። የተፈጥሮ የባሕር ውሃ ግን በጀርመኖቹ መለኪያ 7 ዲግሪ አካባቢ አልካላይኒቲ አለው፤ ለኮራል የሚዘጋጁ የጨው ድብልቆችም ብዙውን ጊዜ ከዚያ ከፍ ያደርጉታል። እንጨቱን ባስገባሁበት ቀን የእኔ ውሃ አልካላይኒቲ 8.6 ዲግሪ ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ 8.1 ሆነ፤ ከዚህም ቅናሽ ከፊሉ ኮራሎቹ ራሳቸው አጽማቸውን ለመገንባት የወሰዱት ነው። ፒኤቹ እንደ ቀድሞው ማታ 8.1፣ ንጋት ላይ 7.9 እያለ ቀጠለ። በየሳምንቱ ከውሃው አንድ ሰባተኛውን በአዲስ የባሕር ውሃ እለውጥ ስለነበር የጎደለው ይተካ ነበር። ይልቁን ፒኤቹን በግልጽ ያወረደው በጥር ወር መስኮቶቹ ተዘግተው ቤቱ ውስጥ የተጠራቀመው የትንፋሻችን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ መስኮት በከፈትሁ ቁጥር ተመለሰ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም፤ ከሥር የተነጠፈው የኮራል አሸዋ ተሟሙቶ ፒኤቹን ይጠብቃል የሚሉ አሉ። ፒኤቹ 8 አካባቢ እስካለ ድረስ ያ አሸዋ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ውሃውን የሚጠብቀው የውሃ ለውጡ ነው።

ዋናው ጉዳይ ቀለሙ ነው፤ ስለዚህም እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ውሃው ከፊት ለፊት ሲታይ ምንም ያልነካው ይመስል ነበር። ነገር ግን በአኳሪየሙ አንድ ጎን ነጭ ወረቀት ለጥፌ በሌላው ጎን በርዝመቱ በኩል ባየሁት ጊዜ ወረቀቱ የብርዝ ቀለም ይዞ ታየኝ። ቢጫ መስሎ የሚታይ ውሃ ማለት ሰማያዊውን ብርሃን የሚውጥ ውሃ ማለት ነው፤ ከእንጨት የሚወጡት እነዚህ ንጥረ ነገሮች የብርሃኑ ሞገድ እያጠረ በሄደ ቁጥር የበለጠ ይውጡታል። የኮራል ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩትና አብዛኛውን ምግቡን የሚያዘጋጁለት ጥቃቅን አልጌዎች እጅግ የሚጠቀሙበት ብርሃን ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊው ክፍል ነው፤ ለባሕር አኳሪየም የሚሠሩት መብራቶች ሰማያዊ የሚያደሉትም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ሰው መቶ ሃምሳ ዶላር አውጥቶ ሰማያዊ መብራት ይገዛል፣ ከዚያም ያንኑ ሰማያዊ ብርሃን የሚውጥ ዕቃ በ34 ዶላር ገዝቶ ከሥሩ ያስቀምጣል። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው።

መድኃኒቱ የማጣሪያ ከሰል ነው፤ እርሱም በእርግጥ ይሠራል። በተለምዶ አንድ ከረጢት ከሰል ለአንድ ወር ያገለግለኝ ነበር፤ እንጨቱ ከገባ በኋላ ግን በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ነጩ ወረቀት እንደገና ይበርዛል። አረፋ የሚያወጣው የፕሮቲን ማጣሪያ ግን ለዚህ ቀለም ብዙም አላገዘኝም። ለስድስት ወር ይበቃኝ የነበረው የ15 ዶላር የከሰል ማሰሮ በሁለት ወር ያልቅ ጀመር። ይህ ወጪ በእንጨቱ ዋጋ ላይ መደመር አለበት።

ከሰሉንም በተመለከተ ከባድ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው በግልጽ እጽፈዋለሁ። በኅዳር ወር ለሥራ ለሦስት ሳምንት ተጉዤ ስመለስ ውሃው በዓይን የሚታይ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ደንግጬ ከተለመደው በእጥፍ የሚበልጥ ከሰል አንድ ላይ ጨመርሁ፤ ውሃውም በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ብርጭቆ ጠራ። በአራተኛው ቀን መዶሻ የሚመስሉ ጫፎች ያሉት ኮራሌ ተኮማትሮ ቀለሙ ገርጥቶ አየሁት። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ለሳምንታት በቢጫ ውሃ ጥላ ውስጥ የኖረ ኮራል በድንገት ሙሉው ብርሃን ሲወርድበት፣ ከጨለማ ቤት ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደቆመ ሰው ይሆናል፤ በውስጡ ያሉትን አልጌዎችም ያጣል። መብራቱን ወደ ግማሽ አውርጄ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ከፍ እያደረግሁ ለመዳን ሁለት ወር ፈጀበት። ውሃቸው የቢጫ ቀለም የያዘባቸው ሰዎች ከሰሉን በጥቂቱ እንዲጨምሩ፣ በዚያው ሳምንትም መብራታቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ አጥብቄ እለምናለሁ። ኮራሉ አይናገርምና ሕመሙ የሚታየው ከረፈደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኦክስጅን ነው። አዲስ እንጨት ውሃ ውስጥ በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጭና ንፍጥ የሚመስል ሽፋን ያወጣል፤ ባክቴሪያና ፈንገስ በእንጨቱ ውስጥ የቀረውን ስኳር ሲመገቡ የሚፈጠር ነው። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ይህን ሽፋን ትንንሾቹ ሽሪምፖችና እንጨት የሚልሱት ዓሦች በደስታ ይግጡታል፤ ስለዚህ ማንም አይጨነቅበትም። በእኔ የባሕር ውሃ ውስጥ ግን ቀንድ አውጣዎቹ አልፈውት ሄዱ፤ ሽሪምፑም አልነካውም። ሽፋኑ ለአምስት ሳምንት እያደገ ቆየ። ይህን ሽፋን የሚፈጥሩት ረቂቅ ፍጥረታት ኦክስጅን ይተነፍሳሉ፤ የባሕር ውሃ ደግሞ ከመነሻው ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨው የሌለው ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፣ የባሕር ውሃ የሚይዘው 6.7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። በጥቅምት አጋማሽ አንድ ንጋት ላይ ክላውን ዓሦቹ ከውሃው ገጽ ሥር ቆመው በፍጥነት ሲተነፍሱ አገኘኋቸው። ፓምፑን ወደ ላይ አዙሬ የውሃው ገጽ እንዲናወጥ ካደረግሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተረጋጉ፤ ሽፋኑንም እንጨቱን አውጥቼ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ ሁለት ጊዜ ተመልሶ፣ በስተመጨረሻ ጠፋ። በትልቅ አኳሪየም ውስጥ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። በ60 ሊትር ውሃ ውስጥ ግን ሌሊቱን ያለመብራት የሚያልፉ ዓሦች የሚተርፋቸው ትንፋሽ ጥቂት ነው።

ሦስተኛውና እንጨቱን በመጨረሻ ያስወጣኝ ነገር የታየው በሚያዝያ ነው። እንጨቱ ይበልጥ ተፈጥሯዊ እንዲመስል ብዬ አንዱን ክንዱን አራት ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋው ውስጥ ቀብሬው ነበር። አንድ ቀን አሸዋውን ሳነቃንቅ የገማ እንቁላል ሽታ ወጣ፤ የተቀበረው ክፍል ቢላ በቀላሉ የሚገባበት ለስላሳ ሆኗል፤ በዙሪያው ያለው አሸዋም ጠቁሯል። ሽታው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ በጥቂቱ እንኳ ለዓሣ መርዝ የሆነ ጋዝ። እዚህ ላይ በሐይቅና በባሕር ውሃ መካከል ያለው ልዩነት መሠረታዊ ነው፤ የባሕር ውሃ በሊትር 2.7 ግራም ያህል ሰልፌት አለው፤ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ያለው ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ኦክስጅን በማይደርስበት ቦታ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚበሰብሰውን እንጨት እየተመገቡ በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌቱን ይጠቀማሉ፤ የሚያወጡትም ይህን ጋዝ ነው። ስለዚህ በቀድሞው አኳሪየሜ ለስድስት ዓመት አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያልሸተተኝ እንጨት፣ እዚህ በሰባት ወሩ ሸተተ። ጥፋቱ በመቅበሬ የእኔ ነው። ሆኖም ሳይቀበርም ቢሆን የወፍራም እንጨት እምብርት ውሃ ጠጥቶ ኦክስጅን የማያገኝ መሆኑን ማሰብ ይገባል፤ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ውስጡን ማየት ደግሞ አይቻልም።

እንጨት በባሕር ውስጥ ቦታ የለውም እያልሁ እንዳልሆነ ግን ግልጽ ይሁን። በቀይ ባሕር ዳርቻም ሆነ በፍሎሪዳ የማንግሮቭ ዛፎች ሥራቸውን በጨው ውሃ ውስጥ ተክለው ይኖራሉ፤ ወንዝ ጠርጎ ወደ ባሕር የሚያወርደው ግንድም ቁጥር የለውም። ልዩነቱ ያን ግንድ የሚጨርሱት ፍጥረታት በቦታው መኖራቸው ነው። እንጨት እየሰረሰረ የሚበላው፣ ትል የሚመስል ነገር ግን በዘሩ የቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነው የመርከብ ትል፣ እንዲሁም ግሪብል የሚባሉት የሩዝ ፍሬ የማይሞሉ ቅርፊታሞች ግንዱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወንፊት ያደርጉታል፤ የሚወጣውንም ቀለም ወሰን የሌለው ውሃ ይወስደዋል። በእኔ መስታወት ውስጥ ግሪብልም የለም፣ ማዕበልም የለም። ያለው እንጨቱና 60 ሊትር ውሃ ነው።

እንጨቱ የሚይዘውን ቦታም ማንሣት ተገቢ ነው። ለባሕር አኳሪየም የሚሸጠው ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የዓሦቹን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩበት ቤት ነው። ሞፓኒ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ይህን አገልግሎት በዚያ መጠን አይሰጥም። ድንጋዩን ሐምራዊ የሚያለብሰው አልጌም በዘጠኝ ወር ውስጥ እንጨቱን አልነካውም፤ ከአጠገቡ ያለው ድንጋይ ግን ግማሹ ለብሷል።

በዚያው ቀን ከገዛኋቸው ሌሎች የጨው አልባ ውሃ ጌጦች ሦስቱን በአጭሩ ልጥቀስ። ሴይሪዩ በሚል ስም የተሸጠልኝ ግራጫ ድንጋይ ከሁሉ በላይ አስደስቶኛል። የኖራ ድንጋይ ነው፤ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብበት ይፈላል፤ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ የውሃውን ጥንካሬ፣ ማለትም በውስጡ የሟሟውን ኖራ፣ ስለሚጨምር የሚወቀሰውም በዚህ ነው፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ግን ያ ጠባዩ ከጥፋት አይቆጠርም። ክብደቱ ብዙ፣ ቀዳዳው ጥቂት ከመሆኑ በቀር እንከን አላገኘሁበትም። በዛፍ ሥር መልክ የተሠራው የሬዚን (ፕላስቲክ መሳይ) ጌጥ ግን በስድስተኛው ሳምንት ከሥሩ የዝገት ቀለም አሳየ፤ ስሰብረው እንዳይንሳፈፍ ተብሎ የተቀበረ የብረት ክብደት አገኘሁበት። ጨው ብረትን እንዴት እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው ይህን ለባሕር ውሃ አይሸጥም ነበር። ብረት ብቻ በመሆኑ ተርፌአለሁ፤ መዳብ ቢሆን ኖሮ ሽሪምፑና ቀንድ አውጣዎቹ አይተርፉም ነበር። ከላስቲክ የተሠሩት ተክሎች ደግሞ ጉዳት ባያደርሱም በአንድ ወር ውስጥ በቡናማ አልጌ ተሸፍነው መልካቸው ጠፋ። ከሌላ ሰው ያገለገለ እንጨት ወይም ጌጥ የሚያገኙ ሁሉ፣ በቀድሞው ውሃ ውስጥ የመዳብ መድኃኒት ተደርጎ እንደሆነ ሳይጠይቁ እንዳያስገቡ። በተለይ እንጨት የጠጣውን መዳብ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። ለተክል የሚሸጠውን ጥቁር አፈርም ለባሕር ውሃ ፈጽሞ አታስቡት፤ አሞኒያ ይለቃል፣ አልካላይኒቲውንም ይበላል።

እንግዲህ የሐይቁን መልክ የሚወድ ሰው ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ የእኔም ስለሆነ ካለፈው ሰኔ ወዲህ የሠራሁትን ልናገር። ቅርንጫፍ የሚመስሉ ቀጫጭን የደረቅ ድንጋይ ቁርጥራጮችን መርጬ፣ በወፍራም ሙጫና በአኳሪየም ሲሚንቶ እያያያዝሁ፣ ከአንድ ግንድ ወደ ታች የሚወርዱ አራት ሥሮች አድርጌ ሠራኋቸው። ሥራው ሁለት ምሽት ወሰደ፤ ወጪውም 40 ዶላር አልሞላም። አሁን ቢጫ የሚያደርግ ነገር የለም፣ ባክቴሪያዎቹም ቤት አግኝተዋል፤ ሐምራዊው አልጌም እየለበሰው ነው። በእንጨቱ ላይ አስሬ የማሳድገው የነበረውን ቅጠል ደግሞ በባሕር አልጌዎች ተካሁት። ካውለርፓ ፕሮሊፌራ የሚባለው ረጃጅም ሪባን የመሰለ ቅጠል ያለው ሲሆን፣ ከሩቅ የሚያየው ሰው የሐይቅ ሣር ነው ብሎ ይምላል፤ ቀይ ግራሲላሪያ ደግሞ በሥሮቹ መካከል ሲወዛወዝ እውነተኛ የጫካ ጥላ ይሰጣል። ሁለቱም ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣውን ናይትሬት ይመገባሉ፤ እንጨቱ የጨመረውን ሥራ እነርሱ ይቀንሱታል። የካውለርፓን ነገር ግን በጥንቃቄ መያዝ ግዴታ ነው፤ ከዘመዶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 በደቡብ ካሊፎርኒያ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ተገኝቶ ለማጥፋት ዓመታት ፈጅቷል፤ ግዛቷም በቀጣዩ ዓመት በርካታ ዝርያዎቹን ከልክላለች። ስለዚህ የምቆርጠውን አድርቄ ከቆሻሻ ጋር እጥላለሁ እንጂ አንድ ቅጠል እንኳ ወደ ፍሳሽ ወይም ወደ ወንዝ አልሰድም።

እውነተኛ እንጨት፣ በሕይወት ያለ እንጨት ማየት ለሚፈልግ የማንግሮቭ ችግኝ አለ። እኔም አንድ የቀይ ማንግሮቭ ችግኝ ከኋላ ባለው ትንሽ ክፍል ውስጥ ተክያለሁ፤ በሦስት ወር አራት ቅጠል አውጥቷል። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ከመስታወቱ በላይ የራሱ መብራት ይፈልጋል፤ ቅጠሎቹንም በየቀኑ ጨው በሌለው ውሃ እረጫለሁ። ሥሩ ጠንካራ ስለሆነ በትንሽ አኳሪየም ውስጥ ለዘላለም ይኖራል ብዬ አልጠብቅም።

ሞፓኒውን ለማን እመክራለሁ ለሚለው፦ ዓሣ ብቻ ለሚያኖር፣ ከ200 ሊትር በላይ ውሃ ላለው፣ ከሰሉን በየአሥር ቀኑ ለሚለውጥና እንጨቱን በድንጋይ ላይ እንጂ በአሸዋ ውስጥ ለማያስቀምጥ ሰው ይሆናል፤ እርሱም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ በቢላ ጫፍ ልስላሴውን ይፈትን። ጨው በሌለው ውሃ ግን ከአምስት አምስት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ በባሕር ውሃ ከኮራል ጋር ለማኖር ሁለት። ሁለተኛዋን ኮከብ የሰጠሁት እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ፋየርፊሿ ከዚያ ዋሻ ሌላ መኝታ ስላልፈለገች ነው።

እንጨቱን አልጣልሁትም። የበሰበሰውን ክንድ በመጋዝ ቆርጬ፣ የጠጣውን ጨው እስኪተፋ ድረስ ለስድስት ሳምንት ንጹህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ የባልዲውን ውሃ በጨው መለኪያው በየሳምንቱ እየፈተሽሁ ዜሮ ሲያሳይ አወጣሁት። አሁን በልጄ ክፍል ባለው የ10 ጋሎን የጨው አልባ ውሃ አኳሪየም ውስጥ ነው። ውሃው የሻይ ቀለም ይዟል፣ በእንጨቱም ላይ አኑቢያስ የሚባል የውሃ ተክል ተጣብቆበታል። ልጄ ከዋሻው ሥር ያሉትን ዓሦች ሲቆጥር፣ እኔ ከኋላው ቆሜ አሞራ ገደልን አያለሁ።